የድሃ ጠበቃ እንጂ ድሃ ጠበቃ አልነበረም

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎትየው በሰሜን ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚነት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ በአዲስ አበባ ተከላካይ ጠበቃ ናት፤ ለአጭር ሥልጠና መጥታ እሳቸው ዘንድ አርፋለች። የሚያነሷቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሷ፦ ጋሼ፣ እዚህ አገር አንድ ተከላካይ ጠበቃ ቢሞት ሰው ማዘጋጃ ቤቱን ሞልቶ ሸኘው ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። እኛ ዘንድ እኮ ተከሳሹ ራሱ በጎሪጥ ነው የሚያየን። «አሳሪዬም መንግሥት፣ ጠበቃዬም መንግሥት፤ ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊልኝ ነው?» ያለኝ ሰው አለ።

አጎት፦ አይፈረድበትም። ማንም እስረኛ ቢሆን የሚጠይቀው ነው። ጄፍ አዳቺም ዕድሜውን የፈጀው ይህንኑ ጥያቄ በሥራ ሲመልስ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ኃላፊ ነበር፤ ከ2003 ጀምሮ እስከሞተባት ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2019 ድረስ። ገና 59 ዓመቱ ነበር። በመላው ካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፁ የሚመርጠው የዚችን ከተማ ተከላካይ ጠበቃ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ሹመት ነው።

እሷ፦ ዐቃቤ ሕግ በምርጫ እንደሚሾም አውቃለሁ። ተከላካይ ጠበቃ ግን እንዴት ብሎ? «እስረኛ አስፈታለሁ» ለሚል ሰው ማን ድምፁን ይሰጣል?

አጎት፦ ሰጡታ! ያውም ሹም ያባረረውን ሰው ነው የመረጡት። አዳቺ በዚሁ ቢሮ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ችሎት ለችሎት ሲመላለስ ኖሮ ዋና ጠበቃ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ2001 የቀድሞው ኃላፊ ሲለቅ ከንቲባው ዊሊ ብራውን ኪሚኮ በርተን የምትባል ጠበቃ በቦታው ሾመ። አባቷ የክፍለ ግዛቱ ሴኔት መሪ ነበር፤ ትልቅ የፖለቲካ ቤተሰብ ነው። ሴትዮዋ እንደገባች አዳቺን አሰናበተችው። እሱ ደግሞ በ2002 ምርጫ ተወዳደረና አሸነፋት። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ወንበሩን የነቀነቀው ሰው አልነበረም።

እሷ፦ ሕግ የተማረ ሰው ገንዘብ የሚያገኝበት ስንት በር እያለለት፣ እሳቸውን እዚህ ያቆማቸው ምንድን ነው?

አጎት፦ ከቤቱ እንጀምር። ጃፓናዊ አሜሪካዊ ነው፤ ሳክራሜንቶ ነው የተወለደው። በ1942፣ የፐርል ሃርበር ጥቃት በደረሰ በወራት ውስጥ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያ ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ታጎሩ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ አልቀረበባቸው፣ ምስክር አልተሰማባቸው፣ ጠበቃ አልቆመላቸው። የአዳቺ ወላጆችና አያቶች ከእነዚህ ሰዎች መካከል ነበሩ። ሰው ያለ ችሎት ሲታሰር ቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሚቀር እሱ ከመጽሐፍ አልነበረም የሚያውቀው።

እሷ፦ ቤተሰቡ የታሰረበት ሁሉ ግን ተከላካይ ጠበቃ አይሆንም።

አጎት፦ ልክ ነሽ፤ ሌላም ነገር አለ። በ1973 ሳን ፍራንሲስኮ ቻይና ታውን ውስጥ ሰው ተገደለ። ቾል ሱ ሊ የተባለ ወጣት የኮሪያ ስደተኛ ተይዞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እኔ አልገደልኩም ይላል፤ የሚሰማው የለም። ኬ. ደብሊው. ሊ የሚባል የሳክራሜንቶ ጋዜጠኛ ጉዳዩን መርምሮ መጻፍ ሲጀምር፣ ኮሪያውያን አሮጊቶች፣ ጃፓናውያንና ቻይናውያን ተማሪዎች ሳይቀሩ ገንዘብ እያዋጡ ጠበቃ አቆሙለት። ሰውየው በእስር ቤት ሌላ እስረኛ ገድሎ የሞት ፍርድ እስከ መጠበቅ ደርሶ ነበር፤ በቻይና ታውኑ ግድያ እንደገና ሲዳኝ ግን ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ነፃ ነው አሉ። በ1983 ከእስር ወጣ። ሕዝቡ ለሰውየው ሲነሣ አዳቺ ገና ተማሪ ነበር፤ ከንቅናቄው ገብቶ ለሰውየው ዘፈን ሁሉ ጽፎለታል። ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሄደው ያንን አይቶ ነው።

እሷ፦ ያ ግን የሕዝብ መዋጮ ነው እንጂ የመንግሥት ጠበቃ አይደለም።

አጎት፦ ነገሩም እዚያ ላይ ነው። ለአንድ ቾል ሱ ሊ ሕዝብ ያዋጣል። በየቀኑ ለሚታሰረው ስሙ ለማይታወቅ ሰው ማን ያዋጣል? ይህንን የጠየቀችው እዚሁ ካሊፎርኒያ የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ክላራ ፎልትዝ ነበረች፤ በ1893 ቺካጎ ላይ በተደረገ ጉባኤ ቆማ፣ መንግሥት ለከሳሽነት ጠበቃ እንደሚቀጥር ሁሉ ለተከላካይነትም ይቅጠር አለች። የመጀመሪያው ቢሮ ሎስ አንጀለስ ላይ የተከፈተው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1914 ነው። ለመላ አገሪቱ ደግሞ በ1963 ጊዲዮን የተባለ የፍሎሪዳ እስረኛ በእርሳስ ጽፎ በላከው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ ሁሉ ጠበቃ ይቁምለት ብሎ ወሰነ። መብቱ እንዲህ ነው የመጣው። መብቱ ከመጣ በኋላ ግን ሌላ ችግር መጣ።

እሷ፦ ይህንንስ ለእኔ ይተዉት፤ እኔ ልናገር። ጠበቃው ይቆማል፤ መዝገቡን ያየው ግን ችሎት በር ላይ ነው። ደንበኛውን የሚያውቀው በካቴና ተይዞ ሲገባ ነው። የእምነት ክህደት ቃል ሲሰጥ አጠገቡ ይቆማል፣ ምስክር ሲሰማ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሲፈረድ የቅጣት ማቅለያ ያቀርባል። በመዝገቡ ላይ «ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር ቀርቧል» ተብሎ ይጻፋል። አለቀ። እኔ ራሴ እንዲህ ቆሜ አውቃለሁ፤ በአንድ ቀን ስንት መዝገብ ይዤ!

አጎት፦ አዳቺ የተዋጋው ይህንን ነው፤ እኔ የማከብረውም በዚህ ነው። ብዙ ሰው ደግ ሰው ነበር፣ ድሃ ይወድ ነበር ብሎ ያነሣዋል። ደግነቱን አልክድም። እሱ ግን ሥራውን ምጽዋት አድርጎ አያየውም ነበር። ባለጸጋ በገንዘቡ የሚያቆመው ጠበቃ መርማሪ አለው፣ የባለሙያ ምስክር ይጠራል፣ ወንጀሉ ተፈጸመ የተባለበት ቦታ ሄዶ ያያል፣ የፖሊሱን የቀድሞ ታሪክ ያስቆፍራል። የድሃውም ጠበቃ እንደዚያው ማድረግ አለበት ብሎ ነው የሚነሣው። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቢሮው በዓመት ከ20,000 በላይ ሰው ይወክል ነበር። ስለዚህ በጀት ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ የተሰጠውን የሚቀበል ሹም አልነበረም፤ ለዐቃቤ ሕግና ለፖሊስ ስንት ተሰጠ፣ ለእኛ ስንት ተሰጠ እያለ ከከንቲባ ከንቲባ በአደባባይ ይሟገት ነበር። አለቃም ሆኖ ችሎት አልተወም፤ ጁሪ ፊት ቆሞ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይይዝ ነበር። በ2017 የሠራው «ዲፌንደር» የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ፖሊስ ሲይዘው በተፈጠረ ግብግብ የተከሰሰ አንድ ጥቁር ወጣት ሲከላከል ያሳያል። ቢሮ ስትመለሺ ባልደረቦችሽን ሰብስበሽ አሳያቸው።

እሷ፦ መርማሪ ያሉት ነገር አስቀናኝ። እኛ ዘንድ የሚመረምረው ፖሊስ ብቻ ነው። ተከላካይ ጠበቃ ሄዶ ሰው ሲጠይቅ እንደ ወንጀል የሚያየው ሁሉ አለ።

አጎት፦ እንግዲያውስ የሆቴሎቹን ነገር ልንገርሽ። መሀል ከተማ፣ ስድስተኛው ጎዳና አካባቢ፣ ድሆች አንዳንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩባቸው አሮጌ ሆቴሎች አሉ። ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ግራና ቀኙ በር ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች አደንዛዥ ዕፅ ፍለጋ እየመጡ ክፍል ይፈትሹ ነበር። ሪፖርታቸው ላይ «አንኳኳን፤ ማንነታችንን ተናገርን፤ ነዋሪው ፈቅዶ አስገባን» ብለው ይጽፉ ነበር። ዳኛ ፊት የፖሊሱ ቃል በአንድ ወገን፣ የዚያ ዕፅ ተጠቃሚ ሰው ቃል በሌላ ወገን ይቀርባል። የማንኛው ቃል እንደሚያመዝን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እሷ፦ እንዴት አላውቀው! «በፈቃዱ ተፈተሸ» የሚል ወረቀት፣ ከግርጌው ፊርማ። ደንበኛዬን ስጠይቀው ማንበብ አይችልም።

አጎት፦ አየሽ! የአዳቺ ቢሮ የሆቴሎቹን የጥበቃ ካሜራ ቅጂ አገኘ። ምስሉ ሲታይ ፖሊሶቹ በሆቴሉ ዋና ቁልፍ በር ከፍተው ይገባሉ፤ ፈቃድ የሰጠ ሰው የለም። በሌላው ቅጂ ደግሞ የነዋሪ ንብረት ይዘው ሲወጡ ይታያል፤ ያ ንብረት ግን በኤግዚቢትነት አልተመዘገበም። አዳቺ ይህንን ይዞ ዳኛ ጆሮ ላይ ብቻ አላንሾካሾከም። በ2011 ጋዜጠኞችን ጠርቶ ምስሉን ለሕዝብ አሳየ፤ ከጎኑም የፖሊሶቹን ሪፖርት አስቀመጠ።

እሷ፦ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአደባባይ! በነጋታው እኮ ከእነሱ ጋር ችሎት መግባት አለ።

አጎት፦ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ተብሎ ያደገ ሰው ይፈራል። እሱ አልፈራም፤ የፈራም ቢሆን አላሳየም። ከ100 በላይ የክስ መዝገቦች ተዘጉ። የፌዴራል ምርመራ ተከፈተ፤ በ2014 ስድስት ፖሊሶች ተከሰሱ፣ ጥፋተኛ የተባሉም አሉ። በዚሁ ምርመራ ደግሞ ፖሊሶች በስልክ ሲላላኩት የኖሩት ዘረኛ መልእክት ወጣ፤ ጥቁሮችን፣ የውጭ ተወላጆችን የሚያንቋሽሽ ነው። በ2015 ያ ይፋ ሲሆን አዳቺ እነዚያ ፖሊሶች የያዟቸው የቀድሞ መዝገቦች ሁሉ እንደገና ይታዩ ብሎ ጠየቀ። ይህ ሁሉ የተገኘው ከመተላለፊያ ካሜራ ነው። ፈቅዷል የተባለ ሰው በእርግጥ ፈቅዶ እንደሆነ ሄዶ ያጣራ ሰው በመኖሩ ነው።

እሷ፦ ይህንን ሥልጠናው ላይ አልነገሩንም።

አጎት፦ የዋስትናውንስ ነግረዋችኋል? ብራያንት ጎዳና 850 ቁጥር ያለው ግራጫ ሕንፃ የወንጀል ችሎቶቹ ያሉበት ነው። የአዳቺ ቢሮ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ሰባተኛው ጎዳና ላይ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የዋስትና ነጋዴዎች ሱቅ ተደርድሮ ታያለሽ። ሥራቸው እንዲህ ነው፤ ዳኛው 50,000 ዶላር አስይዝ ቢልሽና ባይኖርሽ፣ ከዋስትናው ዐሥር በመቶ፣ ማለትም 5,000 ዶላር፣ ለነጋዴው ትከፍዪና እሱ ዋስ ይሆንሻል። ነፃ ብትወጪም ያ 5,000 አይመለስም። ዐሥር በመቶውም የሌለው ሰው እስር ቤት ይቀመጥ ነበር።

እሷ፦ እኛም ዘንድ ዋስትና ተፈቅዶለት ብር አጥቶ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነው።

አጎት፦ በ2017 አንድ የ63 ዓመት ጡረተኛ፣ የቀድሞ የመርከብ ግንባታ ሠራተኛ፣ በእርጅና የደከመ ጎረቤቱን ክፍሉ ድረስ ተከትሎ ገብቶ ዐሥር ዶላር የማይሞላ ገንዘብና አንድ ጠርሙስ ሽቶ ወሰደበት ተብሎ ተያዘ። ዋስትናው 600,000 ዶላር ተባለ፤ ቆይቶ ወደ 350,000 ዝቅ አለ። ሰውየው ለዚያ ዐሥር በመቶ የሚሆን 35,000 ዶላር ከየት ያመጣል? ለወራት ታሰረ። የአዳቺ ጠበቆች ከሲቪል መብት ተሟጋቾች ጋር ሆነው ይግባኝ አሉ። በጃንዋሪ 2018 የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ማንኛውም ዳኛ የዋስትና ገንዘብ ሲወስን የሰውየውን አቅም መጠየቅ፣ ከገንዘብ ሌላ መንገድ መኖሩንም ማየት አለበት ብሎ ወሰነ። በማርች 2021 ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ አጸናው፤ የሰው ነፃነት በኪሱ ልክ ብቻ ሊወሰን አይችልም አለ። አዳቺ ያንን ሳያይ ነው የሞተው።

እሷ፦ እዚህ ላይ ግን ልከራከርዎት። ያ የተዘረፈው ሽማግሌስ? ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የሚያስፈራራ ሰው ሲፈታ ተጎጂው ምን ይላል? ሰፈሬ የሚኖሩ ሴቶች «ሌባ ታስፈታለሽ አሉ» ሲሉኝ መልስ ያጥረኛል።

አጎት፦ ጥያቄሽ ቀላል አይደለም። አዳቺንም የገጠመው ከዚህ የባሰ ነበር። በ2015 እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ በባሕሩ ዳርቻ ከአባቷ ጋር ስትሄድ የነበረች ወጣት በጥይት ተመትታ ሞተች። የተከሰሰው ሰው ብዙ ጊዜ ከአገር የተባረረ ሰነድ አልባ ስደተኛ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ጉዳዩን የምርጫ ዘመቻቸው አደረጉት፤ አገሩ በሙሉ በቁጣ ተነሣ። ተከላካዩ የአዳቺ ቢሮ ነበር። የቢሮው ጠበቃ ማት ጎንዛሌዝ ለጁሪው ያሳየው ጥይቱ በቀጥታ ወደ ልጅቱ እንዳልተተኮሰ ነው፤ መጀመሪያ ሲሚንቶው መሬት ላይ መትቶ ነጥሮ ነው የሄደው። ሽጉጡም ከአንድ የፌዴራል ሠራተኛ መኪና የተሰረቀ ነበር። በኖቬምበር 2017 ጁሪው ከግድያ ክሱ ነፃ አደረገው፤ ጥፋተኛ ያለው መሣሪያ በመያዝ ብቻ ነው፤ ያም በኋላ በይግባኝ ተሻረ። ልጅቱ ግን ሞታለች፤ ወላጆቿ ልጃቸውን ቀብረዋል። ይህንን ሐዘን የሚያቃልል ጠበቃ ጠበቃ አይባልም።

እሷ፦ ታዲያ ለእነዚያ ሴቶች ምን ልበላቸው?

አጎት፦ ወንጀለኛውን ያልያዘ ፍርድ ለተጎጂዋም አይጠቅማትም በያቸው። ማስረጃ ሳይፈተን የሚፈረድ ከሆነ ዛሬ በሌላው ልጅ የተፈረደው ነገ በእናንተ ልጅ ይፈረዳል በያቸው። አንቺ ዐቃቤ ሕግን ልታሸንፊውም ላታሸንፊውም ትችያለሽ፤ ዋናው ክሱን ያለ ድካም እንዳያስረዳ ማድረግሽ ነው። ያኔ ዳኛው ጥፋተኛ ሲልም ሰው ያምነዋል።

እሷ፦ አዳቺ ሰውን ሁሉ ያስደስቱ ነበር ማለት ነው?

አጎት፦ ኧረ! ለከንቲባነት በ2011 ተወዳድሮ ተሸንፏል። በ2010ና በ2011 ደግሞ የከተማው ሠራተኞች ለጡረታቸው ተጨማሪ ያዋጡ የሚል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ አቅርቦ ሁለቱም ወደቁ። የሠራተኛ ማኅበራቱ፣ የድሮ ደጋፊዎቹ ጭምር፣ እንደ ከዳተኛ አዩት። እሱ የጡረታው ወጪ የድሃውን አገልግሎት እየበላ ነው ይላል። እኔ በዚያ ላይ አልተስማማሁም፤ ሠራተኛ ላይ መዝመት የሱ ቦታ አልነበረም እላለሁ። ነገር ግን የልቡን ተናግሮ ወዳጅ ያጣ ሰው ነው።

እሷ፦ ከችሎት ውጭስ?

አጎት፦ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው በድሮ ጥፋቱ ሥራና ቤት እየተከለከለ ይኖራል፤ ያንን መዝገብ በሕግ የሚያስጸዳ ክፍል ቢሮው ውስጥ ነበረው፤ ብዙ ሰው ከዚያ ወጥቶ ሥራ ይዟል። ቤይቪው በሚባለው ብዙ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር የሕፃናትና የወጣቶች ድርጅቶችን የሚያሰባስብ ፕሮግራም በ2004 አቋቁሟል፤ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ለልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ይታደላል። ልጁ ደንበኛ ሆኖ ቢሮ ከመምጣቱ በፊት እንድረስበት ነው ሐሳቡ። በ2017 ደግሞ በስደተኞች ፍርድ ቤት ለታሰሩ የሚከራከር ክፍል አስጀመረ። እዚህ አገር የመባረር ጉዳይ እንደ ፍትሐ ብሔር ስለሚቆጠር መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም። የእኛ አገር ሰዎች ይህንን በደንብ ያውቁታል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው፣ ልጅ ሁሉ ሳይቀር፣ ብቻውን ከመንግሥት ጠበቃ ፊት ይቆማል። እኔ የማስተረጉመው ቃሉን ነው፤ መከራከር አልችልለትም።

እሷ፦ አሟሟታቸው ላይ ግን ጋዜጦቹ ብዙ ነገር ጽፈው አየሁ። ስለዚያ ዝም ሲሉ አየሁዎት።

አጎት፦ ዝም ማለቴ አይደለም። የአስከሬን ምርመራው የልብ ሕመም እንደነበረበት፣ ኮኬይንና አልኮልም ሰውነቱ ውስጥ እንደተገኘ፣ ሞቱም ድንገተኛ አደጋ እንደሆነ ነው የሚለው። እኔ ይህንን አልደብቅም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ አስከሬኑ ሳይቀበር የፖሊሱ ሪፖርት ሾልኮ ወጥቶ የዜና አውታር ላይ ተሰጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገተው በኖረው መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ወረቀት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ፖሊስ ማን አሾለከው ብሎ በሜይ 2019 የአንድ ጋዜጠኛ ቤት በመዶሻ ለመስበር ሞክሮ ገብቶ በረበረ። በኋላ ዳኞች የብርበራ ትእዛዞቹ ሕጋዊ አይደሉም ብለው ሻሩ፤ የፖሊስ አዛዡ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከተማው ካሣ ከፈለ። ያንን ጋዜጠኛ ያዳነው ጋዜጠኛን ከብርበራ የሚጠብቀው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ ሐሳቡ ግን አዳቺ ለሆቴል ነዋሪዎች ሲሟገትለት ከኖረው አይርቅም፤ ፖሊስ እንደፈለገ የሰው ደጅ አይበረብርም የሚለው።

እሷ፦ እኔ ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5ን በቃሌ ነው የማውቀው። ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው፤ መክፈል ካልቻለና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ ከመንግሥት ጠበቃ ያገኛል ይላል። በ1994 የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሲቀርቡ አቅም ለሌላቸው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ቆሞላቸዋል። ያንን ሁሉ ግድያ ፈጽመዋል ለተባሉት! እኔ ያንን ሳስብ በሥራዬ እኮራለሁ። ለእነሱ ከተደረገ ሞባይል ሰረቀ ለተባለ የጎዳና ልጅ እንዴት አይደረግም? ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ እኔ ጊዜ የለኝም፣ መኪና የለኝም፣ መርማሪ የለኝም።

አጎት፦ የሌለሽን ለአለቆችሽ ጻፊ፤ በቁጥር ጻፊ። ስንት መዝገብ እንደያዝሽ፣ ስንቱን ደንበኛ ከችሎት በፊት እንዳላገኘሽ፣ በዚህ ምክንያት የቱ ምስክር እንዳልተሰማ። አዳቺ ያገኘውን በጀት በልመና አላገኘውም፤ እየቆጠረ እያሳየ ነው ያገኘው። እስከዚያው ግን በእጅሽ ያለውን አድርጊ። ማረፊያ ቤት ሄደሽ ደንበኛሽን እዪው። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሆነ ጠይቂው፤ ቃሉን ሲሰጥ ተመትቶ እንደሆነ ጠይቂው፤ ሰውነቱን እዪ። ተፈጸመ የተባለበትን ቦታ በእግርሽም ቢሆን ሂጂና እዪው፤ ሱቅ ካለ ካሜራ አለው ወይ በዪ። የአንድ ሳምንት ቀጠሮ በመጠየቅሽ ዳኛ ቢቆጣሽ ይቆጣሽ፤ «መዝገቡን አላየሁትም» ብለሽ በመዝገብ ላይ አስሰፍሪ። ሳታይው ቆመሽ ከምትሰናበቺ ይሻላል።

እሷ፦ ዳኛ መቆጣቱስ እንደሚቆጣ እርግጠኛ ነኝ።

አጎት፦ ይቆጣ። ከዚያ በኋላ ያቺ ጠበቃ ሳትዘጋጅ አትቆምም ይሉሻል፤ ደንበኛሽም በጎሪጥ ማየቱን ይተዋል።

እሷ፦ እሺ ጋሼ። ይህንን ምልልስ የሚያነብ ሰው ግን እኔም አንድ ነገር ልለው። ዘመዱ የታሰረበት፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ዝም አይበል። ታሳሪው ፍርድ ቤት በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን «ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፤ ከመንግሥት ይመደብልኝ» ብሎ ለዳኛው ይናገር፤ ጥያቄውም መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ። ጠበቃ ሲመደብለት ቤተሰቡ ፈልጎ ያግኘው፤ ስልኩን ይያዝ። በዕለቱ የት እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎችን ስም፣ የሕክምና ወረቀት ካለ ወረቀቱን፣ ካሜራ ያለበት ሱቅ ካለ የሱቁን ስም ቶሎ ይስጡን። የካሜራ ምስል በአጭር ጊዜ ይጠፋል። እኛን አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ድረሱን።